እርጥብ ያደረው የአባባ ብሩሽ

ስልኩ የጮኸው የማለዳ ዳዊቴን ሳልጨርስ ነው። ጸሎት ላይ ስልክ አላነሣም፤ ልጆቼም ስለሚያውቁ በዚያ ሰዓት አይደውሉልኝም። ከጎንደር በማለዳ የሚመጣ ጥሪ ግን ብዙውን ጊዜ መርዶ ነውና መጽሐፉን ዘግቼ አነሣሁት። አዘዞ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አስካል ነበረች። «እትዬ ጥሩዬ አረፉ» አለችኝ። የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ የእኛንና የእሳቸውን ጓሮ የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። «ነፍስ ይማር፤ ዕድሜስ ጠግበዋል» አልኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች፣ አጠገቧ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሊያርፉ ሰሞን አስጠርተውኝ ነበር። ጌታሁንን አይቸዋለሁ አሉኝ።»

«መቼ?»

«ፍትሐቱን ካደረጋችሁለት በኋላ። መስቀል አልፎ፣ ማክሰኝት ገበያ። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ እህል ከሚጭን ማኪና ጥግ ቆሞ።»

«አስካል፣ ሊሞት የደረሰ ሰው ብዙ ነገር ያያል።»

«ያኔ ነው እኮ ያዩት፣ አሁን መች ሆነና! ደግሞ አናግሯቸዋል። ያላቸው ምን መሰለሽ...»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ብደውል አልገባ አለ። ዳዊቱን ከፈትኩት፣ የቱ መዝሙር ላይ እንደነበርኩ ጠፋብኝ፤ ይህን ያህል ዓመት ስደግመው እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ጌታሁን ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ አያ ጌታሁን ነበር የምለው። ሰው ከየቤቱ በሚታፈስበት በዚያ ዘመን ወሰዱት፣ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። እናቴ ሞቷል ብላ በድብቅ ፍትሐት አስደረገችለት። እኔም ከጎንደር ወጥቼ፣ ባል አግብቼ፣ ድሬዳዋ ከከተምኩ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ለጸሎት ስም ስሰጥ የሕያዋኑን ለብቻ፣ የሙታኑን ለብቻ አድርጌ ነው። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ከሕያዋን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ባለቤቴ ከሙታን። አያ ጌታሁን ሁልጊዜ ከሙታን ጋር ነበር። አሁን እትዬ ጥሩዬ ያሉት እውነት ከሆነ፣ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ በቁሙ የሚሄድን ሰው ከሙታን ጋር ስናስጠራው ኖረናል ማለት ነው። ምናልባትም እስከ ዛሬ። ሌላው ሰው ይህ ምን ያስጨንቃል ይል ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን እህል ወደ አፌ አላስገባሁም፤ የመጣው ሁሉ ይምጣ ብዬ የአባባን ብሩሽ ማሰብ ጀመርኩ። ያንን ብሩሽ ሳላስብ የወንድሜን ነገር ማሰብ አይቻለኝም።

የድሬ ውሃ ድንጋይ ነው። ማሰሮው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ሳሙና እንቢ ይላል። ከጎኔ የተከራየው ጎረምሳ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮ ፊስ የሚል አረፋ ፊቱ ላይ እየረጨ በአንድ አፍታ ተላጭቶ ይወጣል፤ ባየሁት ቁጥር አባባ ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ። ለአባባ መላጨት እንደ ሥርዓት ነበር። ሆስፒታል ድሬሰር ነበር፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ይለዋል፣ እሱም ዶክተር አይደለሁም ማለት ሰልችቶት ትቶት ነበር። የጉድጓድ ውሃ አይወድም። ክረምት ከቆርቆሮው ጣራ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ያጠራቅምና ያንን ያሞቃል፤ የሰማይ ውሃ ሳሙና ይወዳል ይላል። ብሩሹን መጀመሪያ ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ያቆመዋል፣ ፊቱን እስኪታጠብ። ከዚያ አውጥቶ አንዴ ብቻ ያራግፈዋል፤ ሁለቴ ካራገፈው ደረቀ፣ ካላራገፈው ቀጠነ። ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ነበረው፣ ሸክላ ሠሪዎቹ የወለቃ ሴቶች ውስጡን ሳያለሰልሱ እንዲተዉለት አዝዞ ያሠራው፤ ሻካራው ሳሙናውን ያዝ ያደርገዋል፣ ሸክላው ደግሞ ሙቀቱን ያቆየዋል። እዚያ ውስጥ ብሩሹን በዝግታ ያዞራል፣ ያዞራል። መጀመሪያ ትልልቅ ዓይን ያለው አረፋ ይወጣል። እሱን አይነካውም። በጣቱ ጫፍ ውሃ ጠብ ያደርግና እንደገና ያዞራል፤ ዓይኖቹ እየጠበቡ ሄደው ይጠፋሉ፣ አረፋው እንደ ወፍራም እርጎ ይሆናል። ሳህኑን ይገለብጠዋል፤ ካልወደቀ ደረሰ ማለት ነው። እኔ ትንሽ ሆኜ አንድ ቀን ይወድቃል ብዬ ከሥሩ እጄን ዘርግቼ እቆም ነበር። ወድቆ አያውቅም።

ብሩሹን የሰጠው ጎንደር የቀረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ነው፤ የተቃጠለ እጁን አባባ አክሞለት። እጀታው ቀንድ፣ ጠጉሩ ጫፉ ነጭ፣ ወገቡ ጥቁር፣ ሲነኩት እንደ ጥጃ ጆሮ ልስልስ ያለ። መካኒኩ፣ በእነሱ አገር መሬት ቆፍሮ የሚኖር፣ ሲጨልም ብቻ የሚወጣ አውሬ ጠጉር ነው ብሎ ነገረው። አባባ ይህን ለእናቴ ለእምዬ ባይነግራት ኖሮ ታሪካችን ሌላ በሆነ ነበር። እምዬ የወገራ ሴት ናት።

«ምነው፣ ምን የሚሉት አውሬ ነው? ያመሰኳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልጠየቅሁትም።»

«ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ልበላው መሰለሽ እንዴ? ልላጭበት ነው!»

«አፍዎ ዙሪያ አይደል የሚዞረው? ጸበል የሚጠጡበት አፍ! ሸጋ፤ እኔ ግን እርያ ይሁን ጅብ ካልታወቀ ነገር ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም።»

ነገሩ የንስሐ አባታችን መምሬ ታከለ ዘንድ ደረሰ። መምሬ ረዥም ሰው ነበሩ፣ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። «ያልተበላ አያረክስም» አሉ፤ «የሴትዮዋ ልብ ከከበደው ግን ብሩሹ ከደጅ ይደር።» በዚህ ፍርድ የአባባ መላጫ ከነመስታወቱ፣ ከነሳህኑ ወደ ጓሮው በረንዳ ተሰደደ። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ መታለት፤ ብሩሹን በምስማር ላይ ጠጉሩን ወደ ታች አድርጎ ይሰቅለዋል። ከበረንዳው በታች ጓሮው፣ ከጓሮው በታች የቁልቋሉ አጥር፣ ከአጥሩ በታች ወደ አንገረብ ወንዝ የሚወርደው ገደላገደል ነው። መንገድ የሚያውቅ ሰው ከገደሉ ወጥቶ በረንዳው ድረስ መምጣት ይችላል። ያን ጊዜ ይህን ማን አሰበ።

አያ ጌታሁን መላጨት የተማረው በዚያ በረንዳ ላይ ነው። ከኮተቤ አስተማሪነቱን ጨርሶ ሲመጣ ጸጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ቤልቦተም፣ ሸሚዙ ኮሌታው እንደ አሞራ ክንፍ የተዘረጋ፣ በዕለተ እሑድ ፒያሳ ሲወጣ ሰው ዞሮ የሚያየው ነበር። ፒያሳ ያኔ ኬክ ቤቱ ደጃፍ ላይ በአምሳ ሳንቲም ማኪያቶ ጠጥቶ ማምሸት ይቻላል፤ ከየሱቁ የሬዲዮ ዘፈን ይወጣል፤ ኋላ ዘፈኑ ሰልፍ ሰልፍ፣ ማርሽ ማርሽ አለ። ሳሙና ጠፋ። ቀበሌ ሱቅ ሲመጣ እናቶች በሌሊት ድንጋይ ደርድረው ተራ ይይዛሉ። አባባ የደረሰውን የገላ ሳሙና በቢላዋ ልጦ ሳህኑ ሥር ይጠቀጥቀዋል። ልጁ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ውሃ ያበዛል፣ ሁለቴ ሦስቴ አዙሮ ያንን ዓይናም አረፋ ፊቱ ላይ ይለጥፋል።

«ምን ያጣድፍሃል? አባብለው እንጂ፤ አረፋ በቁጣ አይመጣም» ይለዋል አባባ።

«አባባ፣ እርስዎ አረፋ እስኪያባብሉ አብዮቱ ያልቃል።»

«ይለቅ! አንተ ግን ፊትህን ቆርጠህ ታልቃለህ።»

አያ ጌታሁን በዚያ ዓይናም አረፋው ወደ እኔ ዞሮ አፍንጫዬን ይቀባኛል። ሳቁ ጓሮው ድረስ ይሰማ ነበር። እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ ማዶ ሆነው «ዛሬም አባትና ልጅ ጀመራቸው!» ይላሉ።

እንዴት እንደወሰዱት አላበዛም። በዚያ ዘመን የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ ቢነገረውም አይገባው። እምዬ በየቀኑ በአገልግል ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ ደጅ ትሰለፋለች፤ ባዶው አገልግል ሲመለስ በልቷል ብላ ትስማለች። ክረምቱ እየገባ ሳለ አንድ ቀን ዘበኛው ስሙን ሰማና «እናቴ፣ ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» አላት። ይኸው ነው። ሞተ አላላትም፣ ተዛወረ አላላትም። ምግቡ እንደ ሞላ ይዛው ተመለሰች። ጎንደር ውስጥ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር። ማልቀስ ደግሞ አይቻልም፤ የተቀጣን ሰው ማልቀስ ከእሱ ጋር መቆም ነበር። እምዬ ጥቁር አልለበሰችም፣ ፊቷን አልቧጠጠችም። እንስራ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው አንገቷን ቀጥ አድርጋ ጓዳ ገባች። አባባም በማግስቱ ተላጭቶ ሥራ ሄደ።

ብሩሹ እርጥብ ሆኖ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየችው እምዬ ናት። ማለዳ ውሃ ልትቀዳ በጓሮው በር ስትወጣ ከብሩሹ ጫፍ ጠብ ይላል። አባባ ገና አልተነሣም። ጠራችው፤ በጋቢው ወጣ፤ አየው። «ክረምት ነው፣ ጉሙ አረጠበው» አላት። እውነትም የዚያ ክረምት ጉም ከገደሉ እየተነሣ በረንዳችን ድረስ ይገባ ነበር፤ ቁልቋሉ የቆመ ሰው ይመስላል። ጥቂት ቀን ደረቅ ሆኖ አደረ። ከዚያ እንደገና እርጥብ። እምዬ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ጓሮው በር አዙራ መተኛት ጀመረች። የእትዬ ጥሩዬ ውሻ ለእኛ ለጎረቤቶቹ እንኳ የማይመለስ ክፉ ነበር። ብሩሹ እርጥብ በሚያድርባቸው ቀኖች ጎህ ሲቀድ አይጮህም፤ የሚያውቀው ሰው ሲመጣበት እንደሚያደርገው በቀጭኑ ያላዝናል። ይህን እኔ በአልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ማለዳ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ የሚነሣውን የቁራ ጩኸት አይፈራም፤ የዚያ ውሻ ማላዘን ግን እስከ አሁን አጥንቴን ይበላኛል።

አንድ ጠዋት ከአባባ ቀድሜ ወጣሁ። ሳህኑ ውስጥ አረፋ ነበር። ትልልቅ ዓይን ያለው፣ እየፈነዳ ያለ፣ ያልተባበለ አረፋ። ዓይኖቹ አንድ በአንድ ቲስ ቲስ እያሉ ሲጠፉ እሰማለሁ። አባባ ከኋላዬ መጥቶ ኖሮ ሳላየው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ለእኔም አልነበረም፣ ለራሱ ነው፣ በጣም ቀስ ብሎ «ዛሬም ውሃ አብዝቷል» አለ። ከዚያ ሳህኑን አጥቦ ደፋው፣ ለእናትሽ አትንገሪ በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ያን ጊዜ የተረዳሁት አባባም እንደ እምዬ የሙት ነፍስ መምጣቷን አምኗል ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ሞልቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። እምዬ ምነው ብትለው «ጠዋት እሳት ከማስነሣ ብዬ ነው» አላት። ሆስፒታል ተረኛ ሆኖ በሚያድርበት ቀን እንኳ ሞልቶ ነበር የሚሄደው። እሱ በሌለበት ለማን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁ፣ እምዬም አላስተዋለች። ሁለቱ አንድ ጣራ ሥር ሆነው አንዱ በሩን እያየ ሌላው ውሃ እያሞቀ፣ እርስ በርስ ግን አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ያ ክረምት አለፈ። አባባ ለምን እንዳልነገራት ዛሬ ይገባኛል። እምዬ ሐዘኗን መዋጥ ትችል ነበር፣ ደስታዋን ግን አትችልም፤ በማግስቱ ፊቷ ለቀበሌው ይናገርባት ነበር።

እምዬ የደረሰችበት ሌላ ነበር። ልጇ ያለ ፍትሐት ስለተጣለ ነፍሱ ማረፊያ አጥታ ወደ ቤቷ ትመላለሳለች። መምሬ ታከለን አስጠርታ በጓዳ አነጋገረቻቸው፤ እኔ ወንፊት ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ስንቅ አታምጪ ማለት እኮ ሞተ ማለት አይደለም፣ ልጄ» አሉ መምሬ። «ሞቱን ያየ አለ? ሬሳውን ያየ?»

«ሬሳ ማን ይሰጣል ዛሬ፣ አባቴ?»

«ሕያው ቢሆንስ? ሕያውን ሰው እንዴት ልፍታው?»

«ሕያው ቢሆን ብሩሽ ነክቶ ይሄዳል? እናቱን ሳይቀሰቅስ? ጌታሁን እምዬ ሳይል ቤት ገብቶ ያውቃል?»

መምሬ መቋሚያቸውን ሳቡ። ትከሻቸውም አልተነቀነቀም። በመጨረሻ «እሱ የልቡናን ያያል» ብለው ተነሡ።

አባባ ተረኛ ሆኖ ያደረበትን ቀን ጠብቃ ነው ያስደረገችው። ሊነጋጋ ሲል መምሬ አንድ ዲያቆን አስከትለው፣ እንደ እንግዳ በፊት ለፊት በር ገቡ። በሩና መስኮቱ ተዘጋ። ሬሳ ስለሌለ እምዬ የአያ ጌታሁንን ኮትና ሱሪ አልጋው ላይ ሰው እንደተኛ አድርጋ ዘረጋችው፤ የኮቱን እጅጌዎች ደረቱ ላይ አጣመረቻቸው። ባዶው ኮት ያንን ያህል ሰው መምሰሉ አስፈራኝና ዓይኔን ከአንገቱ በላይ ካለው ባዶ ትራስ ላይ ማንሣት አቃተኝ። መምሬ በለሆሳስ ጀመሩ። የባርያህን ነፍስ አሳርፍ እያሉ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ግን ድምፃቸው ከለሆሳስ አልፎ ወጣ፤ የሚወዱት የንስሐ ልጃቸው ነበርና አልተቻላቸውም። እምዬም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እንደዚያ ስታለቅስ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ አየኋት። በጓሮ በኩል ውሻው በቀጭኑ አላዘነ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በጓሮው በር ወጣሁ። የፔርሙዙ ክዳን ተከፍቶ ጎኑ ተቀምጧል። የሸክላው ሳህን ውስጥ ውሃ ተቀድቷል። ብሩሹ ግን ደረቅ ነው፣ ሳሙናውም አልተነካም። አባባ ከተረኝነት መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ። ገና ለብ ያለ ነበር። ከውስጥ እምዬ፣ ዓይኗ አብጦ ግን ፊቷ በርቶ፣ «አስፈታሁት፤ ከእንግዲህ ልጄ ያርፋል» አለችው። አባባ ጣቱን ከውሃው አወጣ። «መልካም» አላት። 

ብሩሹ ዳግመኛ እርጥብ ሆኖ አላደረም። እምዬ ይህን ለሞቱና ለዕረፍቱ ምስክር አድርጋ ያዘችው፤ እስክትሞት ድረስ በሰላም ኖረችበት። አባባ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መላጨት ተወ። እኛ ጋ ወንድ ጢሙን ካሳደገ ሐዘን ላይ ነው፤ ማንም አይስተውም፣ ቀበሌውም አይስትም። ስለዚህ ከሆስፒታል ያንን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት አምጥቶ ጉንጩን ይቀባል፤ ፊቱ ቆዳው የታመመ ሰው መሰለ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን በራችን ላይ አስቆመው።

«ጓድ ዶክተር፣ ምነው ጢሙ ረዘመ? ሐዘን አለብህ እንዴ?»

«ቆዳዬ ነው፣ ጓድ። ምላጭ አልነካም።»

«ሌላውን ታድናለህ፣ የራስህን ጉንጭ ግን አቃተህ?»

«አዎን፣ አቃተኝ» አለ አባባ። ሊቀመንበሩ ሳቀ። አባባም አብሮት ፈገግ አለ፤ ሐምራዊው ጉንጭ ፈገግ ሲል ምን እንደሚመስል እግዚአብሔር ለማንም አያሳይ። ዓርባው ሲያልፍ ሙልጭ አድርጎ ተላጨ፤ ብሩሹን ሳይነካ፣ ሳሙና በእጁ ለቅልቆ። ብሩሹ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ብል በላው። እኔ ትዳር ይዤ ልወጣ ስል አንድ ጊዜ ብቻ «አባባ፣ ያን ውሃ ለማን ነበር የሚያስቀምጡት?» አልኩት። «ለጠዋት» አለኝ። ሌላ ሳይነግረኝ አረፈ። እምዬም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ፍትሐቱን ለዘመድ የነገረችው መንግሥት ተለውጦ አፏ ሲፈታ ነው።

አስካል መልሳ የደወለችው የዚያኑ ቀን ወደ ማታ ነው። አሁን ድምፅዋ ጠርቶ ይሰማል። እትዬ ጥሩዬ ማክሰኝት ጤፍ ሊገዙ ወርደው ሳለ ከማኪናው ጥግ ያዩታል። ከስቷል፣ ካኪ ለብሷል፣ ጉንጩ ግን እንደ ሕፃን፤ ከጆሮው ሥር የደረቀ አረፋ ቀርቷል። «ጌታሁን፣ አንተ ነህ?» ሲሉት ቀረብ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ። ፍትሐቴን በጓሮ ቆሜ ሰምቸዋለሁ። እምዬ ለቅሶዋ ወጥቶላታል፤ ሁለተኛ እንዳታስለቅሷት» አላቸው። አማትበው ቀና ሲሉ ማኪናው ሄዷል፣ እሱም የለም። ለንስሐ አባታቸው ቢነግሩ፣ ሰይጣን በሙት አምሳል ይመጣልና ዝም በይ አሏቸው። ዝም አሉ፤ አባባ ጢሙን ሲያሳድግ እያዩ፣ እምዬን በየሰንበቱ እየሳሟት። ፍትሐቱን ግን በዚያ ዘመን ከመምሬ፣ ከዲያቆኑ፣ ከእምዬ፣ ከአባባና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ጥሩዬ ከየት ሰሙት? ከራሱ ካልሆነ በቀር።

ድሬ ያሉትን የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እስኪታወቅ ስሙን ከሁለቱም ወገን አውጥተሽ አቆዪው» አሉኝ። ይህ ነው ያቃተኝ። እኔ ነገሬን በየቦታው ማስቀመጥ የምወድ ሰው ነኝ፤ አንድ ወንድሜን ከሕያዋንም ከሙታንም አስወጥቼ እንዴት እተኛለሁ?

ስለዚህ በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ የነበራችሁ፣ ይህን የምታነቡ ወይም የሚያነብላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ማክሰኝት እህል ትጭኑ የነበራችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ በበለሳ በኩል፣ በስሜን ተራሮች ሥር፣ በየበረሃው የተሰደዳችሁ፣ ወይም ከወዲያኛው ወገን ሆናችሁ ስታሳድዷቸው የነበራችሁ፤ ማን ምን እንዳደረገ አልጠይቅም፣ ለእግዚአብሔር ትቻለሁ። ጌታሁን የሚባል፣ በግራ እጁ የሚጽፍ፣ ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ የሚጥል አስተማሪ አብሯችሁ ከነበረና ዓይናችሁ እያየ ከወደቀ፣ ቀኑን ብቻ ንገሩኝ። በየትኛው ታቦት ቀን እንደነበር ብታስታውሱ ይበቃኛል፤ ተዝካሩን በዕለቱ አወጣለታለሁ። በሕይወት ካለ ደግሞ፣ ዛሬ ሽማግሌ ነው፣ ምናልባት በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል፣ እባካችሁ ይህን በሉልኝ፤ እምዬ ያስፈታችህ ሞቷል ብላ ነው እንጂ በሩን ልትዘጋብህ አልነበረም። አባትህ ያንን ቀን ውሃህን በጣቱ ነክቷል። ሁለቱም አርፈዋል፣ ከእንግዲህ የምታስለቅሰው እናት የለህም። እህትህ ግን አለሁ፤ ና፣ አስለቅሰኝ።